ወሳኙ መስመር፦ የፕሮጀክት ሥራ አመራር ፈተናና የአርሲ ትምህርት

ለፕሮጀክት ሥራ አመራር የምስክር ወረቀት ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የቃላትን ፍች በመሸምደድ ነው። ቃላቱን ማወቅ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በርካታ ጥያቄዎች የሚቀርቡት «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» በሚል ሳይሆን «ሁኔታው ይህ ነው፤ የሥራ መሪው ምን ማድረግ አለበት?» በሚል ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሁለት ምሳሌዎችን ከአርሲ ደጋ ወስደን እንመለከታለን። አንደኛው በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ስሌት ሲሆን፣ ሁለተኛው በአሰላ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ፈተናው ምን ይመስላል?

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተቋቋመው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ከሚሰጣቸው ፈተናዎች መካከል ታዋቂው «ፒ.ኤም.ፒ.» የዓመታት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ለተማሪዎች የሚቀርበው ግን «ካፕም» የተባለው የጀማሪዎች ፈተና ነው። ለዚህኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅና የ23 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። በ3 ሰዓት ውስጥ 150 ጥያቄዎች ይሠራሉ፤ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 72 ሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተሻሻለው ይዘት መሠረት ከጥያቄዎቹ 36 በመቶው የሙያውን መሠረታዊ ሐሳቦች፣ 17 በመቶው አስቀድሞ በተነደፈ ዕቅድ የሚመሩ ሥራዎችን፣ 20 በመቶው በየደረጃው እየተሻሻሉ የሚሄዱ አሠራሮችን፣ 27 በመቶው ደግሞ የፍላጎት ትንተናን ይመለከታሉ።

ቀኑን የሚወስነው የትኛው ሥራ ነው?

ለልምምድ ያህል ይህን እናስብ። በአርሲ ደጋ ለሚገኝ አንድ ወረዳ የስንዴ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እስከ ሰኔ 15 ድረስ ገበሬው እጅ መግባት አለበት። ክረምቱ ማንንም አይጠብቅም። ሥራዎቹ አራት ናቸው፤ ለእያንዳንዱም ሦስት ግምቶችን በቀናት እንሰጣለን፤ ሁሉ ነገር ከተሳካ፣ እንደተለመደው ከሆነ፣ ሁሉ ነገር ከተሰናከለ።

ሀ. የገበሬዎችን ፍላጎት መመዝገብ፦ 10፣ 13፣ 22
ለ. ግዥ ፈጽሞ ማጓጓዝ፦ 24፣ 33፣ 60
ሐ. መጋዘን ማደስ፦ 15፣ 20፣ 25
መ. ለገበሬዎች ማከፋፈል፦ 5፣ 8፣ 23

ግዥው ምዝገባውን ይከተላል። ማከፋፈሉ ደግሞ ግዥውም የመጋዘን እድሳቱም እስኪያልቁ ይጠብቃል። እድሳቱ ከምዝገባው ጋር ጎን ለጎን ሊጀመር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ሥራ በተጠቀመበት ዘዴ፣ የሚጠበቀው ጊዜ የሚገኘው መካከለኛውን ግምት በ4 አባዝቶ፣ ሁለቱን ዳርቻዎች ደምሮ፣ ድምሩን ለ6 በማካፈል ነው። በዚህ መሠረት ሀ 14፣ ለ 36፣ ሐ 20፣ መ 10 ቀናት ይወስዳሉ። ከሀ በለ በኩል ወደ መ የሚያደርሰው መስመር 60 ቀን ሲሆን፣ በመጋዘኑ በኩል ያለው 30 ቀን ብቻ ነው። ረጅሙ መስመር ወሳኝ መስመር ይባላል፤ በእሱ ላይ አንድ ቀን ቢባክን ፍጻሜው አንድ ቀን ይዘገያል። መጋዘኑ ግን የ30 ቀን ትርፍ ጊዜ አለው። ስለዚህ «መጋዘኑ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ምን ይደረግ?» ለሚል ጥያቄ፣ በጭንቀት ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር የተሳሳተ መልስ ነው።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ያለ ስሕተት ወሰን የተጻፈን ልኬት አንቀበልም። የጊዜ ግምትም እንዲሁ ነው። የዳርቻዎቹን ልዩነት ለ6 ብናካፍል በወሳኙ መስመር ላይ ያሉት ሦስት ሥራዎች መደበኛ ልይይት 2፣ 6 እና 3 ቀን ይሆናል። ነጻ የሆኑ ስሕተቶች በቀጥታ አይደመሩም፤ ስኩዌራቸው ይደመራል። 4፣ 36 እና 9 ሲደመሩ 49 ይሆናሉ፤ የ49 ስኩዌር ሩት 7 ነው። ስለዚህ ሥራው የሚፈጀው 60 ቀን ሲሆን መደበኛ ልይይቱ 7 ቀን ነው።

የዚህ ትርጉም በራሳችን የቀን አቆጣጠር በቀላሉ ይታያል። «እንደተለመደው» የሚለውን ግምት ብቻ ደምሮ 54 ቀን ይበቃኛል ያለ ሰው ሚያዝያ 21 ይጀምራል፤ በሰዓቱ የመድረስ ዕድሉ ግን ከአምስት አንድ ያህል ነው። ሚያዝያ 15 የጀመረ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው። ሚያዝያ 1 የጀመረ ከሰኔ 15 በፊት 74 ቀን ስላለው ዕድሉ ወደ 98 በመቶ ይጠጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ስሌቱ ሥራዎቹ አንዱ በሌላው መዘግየት የማይነኩ መሆናቸውን ያስባል። የነዳጅ እጥረት ምዝገባውን፣ ማጓጓዙንም፣ ማከፋፈሉንም በአንድነት ቢያዘገይ ልይይቱ እስከ 11 ቀን ሊደርስ ይችላል።

ስሌቱ የማያሳየው

አሰላ ለሥራ አመራር ትምህርት የሚሆን ትልቅ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ያደረገ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አቋቋሙ፤ በአጭር ስሙ «ካዱ» ይባላል። ዓላማው በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያ፣ በብድርና በተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎች የአነስተኛ ገበሬውን ኑሮ ማሻሻል ነበር። የስንዴ ምርት አደገ፤ ከልምዱም በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1971 በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ጭምር የሚሠራ ፕሮግራም ተጀመረ።

ነገር ግን እርሻው አትራፊ ሲሆን ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ፕሮጀክቱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬዎች ለማድረግ ቢጥርም፣ የመሬት ይዞታው ሕግ ከሥልጣኑ ውጭ ነበር። ሕጉ የተለወጠው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። እንግዲህ ምርቱ ቢያድግም፣ ሊጠቀም ከታሰበው ሰው አንዱ ክፍል ተጎድቶበታል።

ፈተናው «ባለድርሻ አካላት» እና «ሥጋት» የሚላቸው ቃላት እዚህ ላይ ሥጋና ደም ይለብሳሉ። የፈተና ጥያቄ «ምርት ጨምሯል፤ ነገር ግን አንድ ወገን ቅሬታ አለው» ሲል፣ የምርቱን ቁጥር አይቶ ማለፍ አይገባም። ውጤቱ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል፣ ከሥልጣናችን ውጭ ያለውንስ ጉዳይ ለማን ማሳወቅ አለብን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንዴት እንዘጋጅ?

ለተማሪዎቻችን የምንመክረው ይህንን ነው። በምታውቁት አካባቢ ያለ አንድ ሥራ ምረጡ፤ የትምህርት ቤት አጥር፣ የምንጭ ማጎልበት ወይም የክበብ በዓል ሊሆን ይችላል። ሥራዎቹን ዘርዝሩ፤ ቅደም ተከተላቸውን በቀስት ሣሉ፤ ሦስት ግምቶችን ስጡና ወሳኙን መስመር በእጃችሁ አስሉ። ከዚያም ዕቅዱ የሚነካቸውን ሰዎች ሁሉ ጻፉ፤ ሥራው ቢሳካ ሊጎዳ የሚችል ሰው ካለ ከስሙ አጠገብ ምልክት አድርጉ። በመጨረሻም የናሙና ጥያቄዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ የሳታችኋቸውን መልሳችሁ ስታዩ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የሳታችሁበትንም ምክንያት መዝግቡ። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ተማሪ ፈተናውን ቢያልፍ መልካም ነው፤ ባያልፍ እንኳ ዘሩን ከክረምቱ በፊት ማድረስ ይችላል።