ለእኛ አደይ፣ ለሌላው የሐዘን አበባ

መስከረም ሲጠባ የእንጦጦ ተዳፋት ቢጫ ይለብሳል። ከሥሩ ባለችው ጉለሌ የሰዉም ስልክ እንዲሁ ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ከሚለው ጎን ቢጫ የአበባ ኢሞጂ የማይጨምር ጥቂት ነው። ለእኛ አደይ አበባ ናት። ኢሞጂዋ ስትሠራ ግን አደይን ያሰበ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በቻይና ቢጫ ክሪሳንተመም የቀብር አበባ ስለሆነ፣ ለአንዱ የምሥራች የሆነው ቀለም ለሌላው ሐዘን ሊያስታውስ ይችላል።

ኢሞጂ የምንላቸው እነዚህ ምስሎች የጃፓን ልጆች ናቸው። ሺጌታካ ኩሪታ ለዶኮሞ የስልክ ኩባንያ 176 ምስሎች አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣ፤ እያንዳንዳቸው 12 በ12 በሆነች የነጥብ ሰሌዳ ላይ የተሣሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተር ፊደላት መለያ መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ይህ ግጥምጥሞሽ ሁሌም ደስ ይለኛል። ኢሞጂዎች በብዛት ዩኒኮድን የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዩኒኮድ ለያንዳንዱ ምስል መለያ ቁጥርና ስም ይሰጣል፣ ሥዕሉን የስልክ ኩባንያው ይሥላል፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ግን ተጠቃሚው ነው።

የተጋጠሙት ሁለት እጆች በጃፓን ምስጋናና ልመና ናቸው። እኛ ጸሎትም አድርገናቸዋል፤ ሆኖም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ሲጸልይ መዳፉን ይዘረጋል፤ የተዘረጉት መዳፎች ዩኒኮድ የገቡት ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የተቀሰረው አውራ ጣት ለእኛ «እሺ» ነው፤ በኢራን በልማድ ስድብ ነው። በካናዳ ሳስካችዋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ፍርድ ቤት፣ ለተልባ ሽያጭ ውል በዚህ ጣት የመለሰ ገበሬ ውሉን እንደፈረመ ቆጥሮ 82,000 የካናዳ ዶላር ያህል እንዲከፍል ወስኗል።

እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ለቅሶ ነው። እስኪያነባ የሚስቀው ፊት በትንሽ ስክሪን ላይ እንባው ይጎላል፣ ሳቁ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከልቡ ያዘነ አዛውንት ከሐዘን መልእክት ሥር ሊያስቀምጠው ይችላል። ወጣቱ በተቃራኒው በሳቅ ሲሞት የሚያለቅሰውን ፊት ይልካል፤ ይህን ያየች እናት ትደነግጣለች። ባህላችን መርዶን ለብቻው ላለ ሰው አያረዳም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደጋፊ ይዞ ነው የሚነገረው። ዛሬ ቴሌግራም ከዕድር ጥሩምባ ሊቀድም ይችላል፣ ከሥሩም የሥዕል ዝናብ ይከተላል።

ለበዓልና ለሠርግ አበባውን እንደልባችሁ ላኩ። ለሐዘን ግን «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብላችሁ በፊደል ጻፉ፤ ቅርብ ያላችሁም ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱ።