የሕንፃ ምርመራ ሪፖርት ለቤት ገዢዎች፦ የአሻሻጭ ወኪሎች ድርሻ

ቤት መግዛት አብዛኛው ቤተሰብ በዘመኑ ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ገዢዎች የሚወስኑት አካባቢውን፣ የክፍሎቹን ብዛትና አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ተመልክተው ነው። ከቀለሙ ሥር ያለው ስንጥቅ፣ የሚያፈሰው ጣራና የተዘጋው የፍሳሽ መስመር የሚታወቁት ክፍያው ተፈጽሞ ክረምት ሲገባ ይሆናል። በገዢና በሻጭ መካከል የሚቆሙ አሻሻጭ ወኪሎች የሕንፃ ምርመራ ሪፖርትን በአግባቡ ቢጠቀሙበት ይህን ጉዳት በእጅጉ መቀነስ ይቻላል።

ሪፖርቱ ምን ይይዛል?

የሕንፃ ምርመራ ሪፖርት አግባብ ያለው ባለሙያ ቤቱን በአካል መርምሮ የሚያዘጋጀው የጽሑፍ ሰነድ ነው። የምሰሶዎቹን፣ የግድግዳውንና የጣራውን ሁኔታ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሮችን ደኅንነት ያሳያል። ባለሙያው ሊያያቸው ያልቻላቸውን ክፍሎችም ለይቶ ሊገልጽ ይገባል።

ወኪሉ ሪፖርቱን ለገዢ እንዴት ያቅርብ?

1. ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ሙሉውን ሪፖርት ይስጥ። መልካም መልካሙን ብቻ መርጦ መንገር ገዢን ማሳሳት ነው። በውጭ አገር ሆነው በዘመድ አማካይነት ለሚገዙ ወገኖች ሪፖርቱ ከነፎቶግራፉ አስቀድሞ ሊደርሳቸው ይገባል።

2. ሪፖርቱ መቼ፣ በማንና በማን ወጪ እንደተዘጋጀ ያሳውቅ። በሻጭ ወጪ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ገዢው በራሱ ባለሙያ ማስመርመር እንደሚችል ይንገረው።

3. ጉድለቶቹን እንደ ክብደታቸው ለይቶ ያስረዳ። በልስን ላይ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅና ግድግዳውን አቋርጦ የሚያልፍ ሰፊ ስንጥቅ አንድ አይደሉም። በተለይ በዝናብ የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ባለባቸው ቦታዎች ሁለተኛው የመሠረት መንቀሳቀስ ምልክት ሊሆን ይችላል።

4. ከሙያው ውጭ ማረጋገጫ አይስጥ። “ችግር የለውም” ከማለት ይልቅ ገዢውን ሪፖርቱን ካዘጋጀው ባለሙያ ጋር ያገናኝ።

ከሌሎች ሰነዶች ጋር ማነጻጸር

የሕንፃ ሕግ ሕንፃ ለመገንባት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ስለሆነም ወኪሉ በሪፖርቱ የተገለጸው ቤት ከግንባታ ፈቃዱ፣ ከጸደቀው ፕላንና ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር መጣጣሙን እንዲታይ ማድረግ አለበት። ያለፈቃድ የተጨመረ ክፍል ወይም ፎቅ ካለ ኃላፊነቱ ወደ ገዢው እንዳይተላለፍ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ የጣራ፣ የደረጃና የፍሳሽ መስመር ጥገና የባለቤቶች የጋራ ወጪ ስለሚሆን፣ ምርመራው በአንዱ ቤት ውስጥ ብቻ ሊወሰን አይገባም።

ከሪፖርቱ በኋላ

ጉድለቱን አስቀድሞ ያወቀ ገዢ ዋጋ እንዲቀነስለት ይደራደራል፣ ሻጩ እንዲጠግን ይጠይቃል፣ ወይም ግዢውን ይተዋል። ስምምነት ላይ ከተደረሰ ሻጩ የሚጠግነው ጉድለትና የጊዜ ገደቡ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይስፈሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲደረግና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ በቃል የተሰጠ ተስፋ ለገዢ መተማመኛ አይሆንም።

ገዢዎችም ሪፖርት ካልቀረበላቸው ሊጠይቁ፣ ከሌለም ከመፈረማቸው በፊት በራሳቸው ወጪ ሊያስመረምሩ ይገባል። ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ የተደበቀ የመሠረት ጉድለትን ለመጠገን ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።