በ4 ኪሎ ቅጠል የ1 ኩንታል ስኳር ጣዕም፦ ለሸሕዲ ያዋጣል?

ከመተማ ዮሐንስ ኬላ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውሃ፣ በገበያ ሰው ዘንድ የምትታወቀው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ነው። ስኳር ግን ከውጭ የሚገባላት ሸቀጥ ነው። የአገር ውስጡ ኮታ በአንድ ወገን፣ የሱዳን ገበያ በሌላ ወገን ዋጋውን ሲጎትቱት ኖረዋል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን የፈነዳው ጦርነት ደግሞ የድንበር ንግድ ምን ያህል የማይታመን እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ስኳርን የሚተካ ተክል በዚያው ቆላ ቢበቅልስ የሚለው ሐሳብ የነጋዴን ጆሮ መሳቡ አይገርምም።

በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ተክል ስቴቪያ ነው። መነሻው ፓራጓይ ሲሆን፣ ከቅጠሉ ተጣርቶ የሚወጣው ቅመም ከስኳር ከ200 እስከ 300 ጊዜ ይጣፍጣል። ደረቅ ቅጠሉ ከዚህ ቅመም 10 በመቶ ያህል ከያዘ፣ የ1 ኩንታል ስኳር ጣዕም ከ4 ኪሎ ቅጠል ይገኛል ማለት ነው። ለጭነት መኪና ኪራይ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ሒሳብ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ሒሳቡ ግን ማሳው ላይ ሲደርስ ይከብዳል። በአገራችን የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ተክሉን በተለያዩ ቦታዎች ሞክሮታል፤ ወንዶ ገነት ግን ወይና ደጋ ነው። መተማ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት 40 ዲግሪን ሲያልፍ ይታያል። ስቴቪያ ድርቅ አይችልም፣ ዘሩም በቀላሉ አይበቅልም፤ በመስኖና በቁርጥራጭ ችግኝ መባዛት ይፈልጋል። ሌላም ጣጣ አለበት። አሜሪካ በ2001፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ዓ.ም በር የከፈቱት ለተጣራው ቅመም ነው። ማጣሪያ የሌለው ሰው የሚሸጠው ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው፤ ዋጋ የሚቆርጠውም ገዢው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2015 ዓ.ም፣ ስቴቪያን ጨምሮ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎች ለክብደት መቀነሻ እንዳይወሰዱ መክሯል። ምክሩ አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም፤ ይሁንና የሻጩን ማስታወቂያ ያቀዘቅዛል።

ለቆላው የሚቀርበው ሌላ ነው፤ ጥንቅሽ። ማሽላ በሚዘራበት የአማራ ገጠር ልጅ ሁሉ ዐገዳውን እየላጠ ሲመጥጥ ነው ያደገው። ጥንቅሽ የማሽላ ዘር ስለሆነ ሙቀትና የውሃ እጥረት ይችላል፤ ገበሬውም አዲስ ሙያ መማር አያስፈልገውም። በአሜሪካ ኬንታኪና ቴነሲ ገበሬዎች ይህንኑ ዐገዳ ጨምቀው፣ አፍልተው ማር የመሰለ ሽሮፕ ያወጡበታል። 1 ሊትር ሽሮፕ ከ6 እስከ 10 ሊትር ጭማቂ ይፈጃል። ዕቃው መጭመቂያ፣ ሰፊ መጥበሻና እሳት ነው፤ የተጨመቀው ገለባ ደርቆ ማገዶ ካልሆነ ግን ጦሱ ለዕጣን ዛፉ ይተርፋል።

ሽሮፑ እንደ ሸንኮራ በቀላሉ ወደ ደረቅ ስኳር አይለወጥም፤ ቀለሙም ቡናማ ነው። ሻዩን የሚያጠቁር ማጣፈጫ ለሻይ ቤት መሸጥ ድካም ነው። ዳቦ ቤትና ኬክ ቤት ግን ቀለሙ አያስጨንቃቸውም፤ የመጀመሪያው ደንበኛ እዚያ ነው መፈለግ ያለበት። ሽሮፑ ራሱ ስኳር ስለሆነ «ለስኳር በሽተኛ ይስማማል» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው።

ትልቁ ፈተና ወቅቱ ነው። ዐገዳው ጣዕሙ የሚሞላው ፍሬው ሳይደርቅ፣ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ በቀኑ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ይረግፋል፤ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ወደዚያው ይሻማል፣ ክፍያውም ይንራል። ለኩንታል ሰሊጥ የሚሮጥ ባለሀብት ለጥንቅሽ ሰው አይለቅም። መውጫው ዘሩን ዘግይቶ መዝራት ወይም አጭዶ ለጨረሰ አነስተኛ ገበሬ መጭመቂያ ማከራየት ነው። መጭመቂያው ከማሳው ርቆ ከቆመ ግን ሥራው አይሆንም፤ ተቆርጦ የዋለ ያደረ ዐገዳ ጭማቂው ይቦካልና።