ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለው ድምፃዊ

የቢል ዊዘርስ የመጀመሪያ አልበም በ1971 ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሽፋኑ ላይ መድረክም፣ ማይክሮፎንም፣ የሚያብለጨልጭ ልብስም አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ከጡብ ግድግዳ አጠገብ ቆሟል፤ በእጁ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሏል። ፎቶው የተነሳው በካሊፎርኒያ፣ ቡርባንክ፣ ዌበር ኤርክራፍት በተባለ ፋብሪካ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ዊዘርስ እዚያ ለቦይንግ 747 አውሮፕላኖች የመፀዳጃ ክፍል ዕቃ ይገጣጥም ነበር። አልበሙ ተቀርፆ ካለቀ በኋላም ሥራውን አልለቀቀም። የሙዚቃ ገበያ ዛሬ አንስቶ ነገ እንደሚጥል ያውቅ ነበርና የለመደውን ደመወዝ በሸክላ ተስፋ አልለወጠም።

ያኔ ዕድሜው 32 አልፏል። ለጀማሪ ዘፋኝ እጅግ የዘገየ ዕድሜ ነው። እኔ ግን የዊዘርስ ጥንካሬ ሁሉ የመነጨው ከዚህ መዘግየት ይመስለኛል።

የተወለደው ሐምሌ 4 ቀን 1938 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ስላብ ፎርክ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ነው። ያደገው በአቅራቢያዋ ባለችው በቤክሊ ከተማ ነው። የማዕድን ሠራተኛ የነበሩት አባቱ ሲሞቱ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቱና አያቱ ሉላ ጋሎዌይ ተጋግዘው አሳደጉት። በስላብ ፎርክ የጥቁሮችና የነጮች ሰፈር ጎን ለጎን ነበርና ከወዲያ የገጠሬው ነጭ ጊታር፣ ከወዲህ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጆሮው ይገባ ነበር። ሁለቱም በኋላ ዘፈኖቹ ውስጥ አሉ። አያቱን ያነሳበት «ግራንድማስ ሃንድስ» የተባለው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ አሮጊቷን በቤተ ክርስቲያን ሲያጨበጭቡ፣ ልጅ ሲያባብሉ፣ ጎረቤት ሲያጽናኑ ያሳየናል። አንዲት ሴት በእጆቿ ብቻ እንዲህ ተሟልታ የተሳለችበት ሌላ ዘፈን አላውቅም።

ልጁ ይንተባተብ ነበር። ቃል አፉ ላይ እየቀረበት ሰው ፊት መቆም ጭንቁ ነበር። በ17 ዓመቱ ከከሰል ጉድጓድ ይልቅ ባሕር ኃይልን መረጠና ዘጠኝ ዓመት አገለገለ። መንተባተቡንም ቀስ በቀስ ያሸነፈው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ግጥሞቹን ልብ ብሎ ለሰማ ይህ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ እያንዳንዱን ቃል በትግል ያወጣ ሰው ቃል አያባክንም። የዊዘርስ ስንኝ አጭር ነው፤ የሚናገረውም ማንም ሰው ማዕድ ቤት ውስጥ በሚናገርበት ቋንቋ ነው።

ከባሕር ኃይል ወጥቶ ወተት አዳይ ሆነ፤ በፋብሪካዎችም ሠራ። አንድ ምሽት በኦክላንድ አንድ ክለብ ገብቶ ሉ ሮልስ የሚባለውን ታዋቂ ድምፃዊ ሲጠብቅ፣ የቤቱ ኃላፊ በሳምንት 2,000 ዶላር የሚከፈለው ሰው በሰዓቱ አለመገኘቱን እያነሳ ሲማረር ሰማ። ዊዘርስ በሰዓት የሚያገኘው 3 ዶላር ነበር። ከመያዣ ሱቅ ርካሽ ጊታር ገዛ፤ ከሥራ መልስ ራሱን በራሱ ያስተምር ጀመር። በ1967 ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ከደመወዙ እየቆጠበም ዘፈኖቹን ቀርፆ አሳታሚ ደጅ ጠና። በመጨረሻ የሰማው የሰሴክስ ሬከርድስ ባለቤት ክላረንስ አቫንት ነው።

አቫንት ፕሮዲውሰር አድርጎ ያመጣለት ቡከር ቲ. ጆንስን ነበር። ቡከር ቲ. ደግሞ ባልደረቦቹን፣ ባሲስቱን ዶናልድ ደንንና ድራመሩን አል ጃክሰንን ያዘ፤ ስቴፈን ስቲልስም በጊታር ገባ። ዊዘርስ በአሮጌ መኪና፣ በሥራ ጫማው፣ ዘፈን የሞላበት ደብተር ይዞ ስቱዲዮ ደረሰ። የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ቡከር ቲ.ን ለብቻው ወስዶ ዘፈኖቹን ማን እንደሚዘፍናቸው ጠየቀው። ሌላ ድምፃዊ የሚመጣ መስሎት ነበር። የምትዘፍነው አንተ ነህ ተባለ።

በእኛ ሙዚቃ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ድምፁ የሦስተኛው ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። ዊዘርስ ሦስቱንም ራሱ ይዞ መጣ።

ከዚያ ስቱዲዮ የወጣው «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» መነሻው ፊልም ነው፤ መጠጥ ያሰናከላቸው ባልና ሚስት የሚታዩበትን የ1962ቱን «ዴይስ ኦፍ ዋይን ኤንድ ሮዝስ» አይቶ ጻፈው። የዘፈኑ መካከል ላይ ሌላ ስንኝ ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ገና ስላልጻፈው ለጊዜው ቦታ መያዣ እንዲሆን አንዲት አጭር ሐረግ 26 ጊዜ ደጋገመ። ሊሞላው ሲል ሙዚቀኞቹ እንዳትነካው አሉት። እሱም ከእሱ የበለጠ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሰማ። ያን ቦታ ዛሬ ስትሰሙት መሣሪያው ጸጥ ብሎ ድራሙ ብቻ ይቀራል፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ሲደጋግመው የተተወ ሰው እየቀበጣጠረ ራሱን ሊያሳምን ሲታገል ትሰማላችሁ። የተጻፈ ስንኝ ቢገባበት ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር። ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣው በሸክላው ጀርባ ነው፤ የሬዲዮ ሰዎች ገልብጠው አጫወቱት። በአሜሪካ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ግራሚ አሸነፈ። አሳታሚው ድርጅትም ያ የፋብሪካ ሥራው እንዲታወስ በወርቅ የተለበጠ የመፀዳጃ ቤት መቀመጫ ሸለመው።

ገንዘብ ሲያገኝ ትንሽ ዉርሊትዘር የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዛ። ፒያኖ አያውቅም። ጣቶቹን ከአንዱ ነጭ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ወደ ላይ አሳለፋቸው፤ መልሶ ወደ ታች። ያ የልጅ እጅ የሚመስል መውጣትና መውረድ «ሊን ኦን ሚ» ሆነ። ግጥሙ ጎረቤት ለጎረቤት ስለሚደርስባት ስለ ስላብ ፎርክ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ያጣትን መንደር ናፍቆ ነው የጻፈው። በ1972 ሐምሌ ላይ በአሜሪካ 1ኛ ሆነ። በ1987 ክለብ ኑቮ የተባለ ቡድን እንደገና ሲጫወተው በድጋሚ 1ኛ ደረጃ ያዘ፤ ለደራሲውም ሦስተኛ ግራሚውን አስገኘለት። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የሆስፒታል ሠራተኞች የዘመሩት፣ ሕዝብም በየበረንዳው ያሰማው ይኸው ዘፈን ነው። ዊዘርስ ያረፈውም በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 30 ቀን 2020፣ በልብ ሕመም፣ በ81 ዓመቱ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ግን ጥቅምት 1972 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ የተቀረፀውን እመርጣለሁ። በዚያ መድረክ ላይ በቬትናም ጦርነት ቀኝ እጁን ስላጣ ወጣት ወታደር ዘፈነ። ልጁ በግራው መጻፍ ስለማይችል ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ይለምናል። ዊዘርስ አይጮህም፤ መፈክር አያሰማም። ራሱ የደንብ ልብስ ለብሶ የኖረ ሰው ነውና ልጁ ይናገር ዘንድ ቦታውን ይለቅለታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ሰሴክስ በ1975 ተዘጋ፤ ውሉ ወደ ትልቁ ኮሎምቢያ ዞረ። በ1977 «ላቭሊ ዴይ» መጣ፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ድምፅ 18 ሰከንድ ያህል ሳይቆርጥ ይዞ የሚዘልቅበት ዘፈን ነው። ከሌላ አሳታሚ ጋር ደግሞ በሳክስፎኒስቱ ግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር አልበም ላይ «ጀስት ዘ ቱ ኦፍ አስ»ን ዘፈነ፤ ሁለተኛ ግራሚውን ያገኘው በእሱ ነው። በራሱ ቤት ግን የዘፈን ምርጫው ከእጁ ወጣ። የድርጅቱ ሰዎች የኤልቪስ ፕሬስሊን የታወቀ ዘፈን እንዲዘፍን ሐሳብ አቀረቡለት፤ አያቱን፣ መንደሩንና ቁስለኛውን ወታደር የጻፈን ደራሲ! ከ1978 በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ በስሙ አልበም አልወጣም። በ1985 የመጨረሻውን አወጣና ተወው።

ብዙዎች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ከፋብሪካ የመጣው ሰው ያለ ሙዚቃ መኖርን ያውቅበት ነበር፤ ስለዚህ የማይፈልገውን ለመዝፈን የሚያስገድደው ፍርሃት አልነበረበትም። የዘፈኖቹን መብት ባለቤቱ ማርሻ ታስተዳድር ነበር፤ እሱም ልጆቹን አሳደገ። ጭራሽ ብዕሩን አልጣለም፤ በ2004 ለጂሚ ባፌት አልበም ዘፈን ሰጥቷል። በ2015 ስቲቪ ወንደር ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ሲያስገባው ከመጨረሻው አልበሙ 30 ዓመት አልፎት ነበር። ወደ መድረክ ተመለስ የሚለው ጉትጎታ ከዚያም በኋላ አላናወጠውም።