«መንግሥት» ስንል የትኛውን ነው?

ቡና ላይም ሆነ በማኅበራችን ስብሰባ ስለ ኢትዮጵያ ስንከራከር ቶሎ የሚያጣላን አንድ ቃል አለ፤ «መንግሥት» የሚለው። አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሲተች ሌላው አገሩ የተሰደበች ይመስለዋል። ሦስተኛዋ ደግሞ የምታወራው ስለ ሕገ መንግሥቱ ነው። እንግሊዝኛው ስቴት፣ ሬዢም እና ገቨርንመንት ብሎ የሚለያቸውን ሦስት ነገሮች እኛ በዕለት ተዕለት ንግግር በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን።

ነርሲንግ ስለምማር ነገሩ ብዙም አልገረመኝም። አንዲት እናት «ልቤን አቃጠለኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጨጓራቸውን ማለታቸው ነው። ቃሉን እንዳለ የተረጎመ ሰው የልብ ሐኪም ሊጠራላቸው ይችላል። በፖለቲካም የቱ ጋ እንደሚያመን ሳንለይ ስለ መድኃኒቱ መከራከር አይጠቅመንም።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ሦስቱን እንዲህ ይለያሉ። ሀገረ መንግሥት የሚባለው ግዛት፣ ሕዝብና ሉዓላዊነት ያለው፣ ሰዎች ሲለዋወጡ የሚቀጥለው ተቋም ነው። ሥርዓተ መንግሥት ሥልጣን የሚያዝበትና የሚገደብበት ደንብ ነው፤ ዘውድ፣ ወታደራዊ አገዛዝ ወይም ሪፐብሊክ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው አስተዳደሩ ነው፤ ዛሬ ወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ማለት ነው።

ልዩነቱን አንድ ዘመን ጥሩ አድርጎ ያሳየናል። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ። አምስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ። በአሜሪካ ምክትላቸው ጄራልድ ፎርድ በዚያው ሕገ መንግሥት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የተለወጠው አስተዳደሩ ብቻ ነበር። በኢትዮጵያ ግን የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታገደ፣ ፓርላማው ተበተነ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ ቀረ። ሥርዓተ መንግሥቱ ተለወጠ። ይሁንና ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆና ቀጠለች፤ ሀገረ መንግሥቱ አልፈረሰም።

ለሀገረ መንግሥት ደግሞ ካፒቶል ሂል የራሱ ምሳሌ አለው። ማክስ ቬበር ሀገረ መንግሥትን የሚለየው በአንድ ግዛት ውስጥ ኃይል የመጠቀም ሕጋዊ መብት የእኔ ብቻ ነው ማለቱና ሕዝብም ያንን መቀበሉ ነው ብሏል። ሕዝብ የሚሰጠው ይህ ተቀባይነት ቅቡልነት ይባላል። በጆርጅ ፍሎይድ ሞት ምክንያት በተነሣው ተቃውሞ፣ ጁን 8 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ፖሊስ እዚህ ሠፈር ያለውን የምሥራቅ ጣቢያ ለቅቆ ወጣ። ሰልፈኞቹ አካባቢውን ያዙ፤ እስከ ጁላይ 1ም ቆዩ። ከተማው ግን የሲሚንቶ መከለያና ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ያቀርብ ነበር፤ ስለዚህ ሀገረ መንግሥቱ ጨርሶ አልሄደም። የጎደለው በጁን 20 ሌሊት ታየ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ሲመታ፣ የሕክምና ሠራተኞች ፖሊስ ቦታውን እስኪያረጋግጥላቸው ውጭ ይጠብቁ ነበር። ወጣቱ አረፈ። ጸጥታ ከሌለ አምቡላንስም የለም።

ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከተማይቱን መልሳችሁ ያዙ ብለው ከንቲባዋንና አገረ ገዢውን ሲጫኑ፣ ሁለቱም አልተቀበሏቸውም። ፖሊሱ የከተማው ስለሆነ ቦታው የተለቀቀው በከንቲባዋ ትእዛዝ ነው። ፌዴራላዊ ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው፤ ሥልጣኑ በሕግ የተከፋፈለ ነው። በአሃዳዊ ሥርዓት የበታቹ ሥልጣን ከማእከል የተሰጠ ስለሆነ፣ ማእከሉ መልሶ ሊወስደው ይችላል።

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ፌዴራላዊ ነው፤ ክልሎችም የራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ሆኖም ክልሎቹ የተዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ አንቀጽ 39ም እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ይሰጣል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1869 እ.ኤ.አ. አንድ ስቴት በራሱ ውሳኔ ብቻ መገንጠል አይችልም ብሎ ፈርዷል።

ሌላው ልዩነት መሪ የሚመረጥበት መንገድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሲለቁ፣ ዐቢይ አሕመድ አገር አቀፍ ምርጫ ሳይካሄድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በፓርላሜንታዊ ሥርዓት መሪውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ስለሆነ ነው። ያ ምክር ቤት እንዴት እንደተመረጠ መጠየቅ ደግሞ ሌላ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ ያገኙት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ።

ይህ ሁሉ እኛን ለምን ይመለከተናል? የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው፣ በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ ብዙ መብት ይሰጠዋል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይጨምርም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያስተሳስረን የምርጫ ካርድ ሳይሆን ዘመድ፣ ቋንቋና ፍቅር ነው። ይህ ትስስር ከሦስቱም «መንግሥት» ውጭ ያለ፣ አራተኛ ነገር ነው።

በሚቀጥለው ክርክር ላይ ድምፃችን ከፍ ከማለቱ በፊት «የትኛውን መንግሥት ማለትህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። አስተዳደሩን የሚነቅፍ ሥርዓቱን ሊወድ ይችላል። ሥርዓቱ ይለወጥ የሚልም አገሪቱ እንድትኖር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል። ይህን ከለየን በኋላም አለመስማማታችን ላይቀር ይችላል፤ ቢያንስ ግን አንዱ ሌላውን «አገር ጠላ» ሳይለው ቡናው እስከ በረካ ይደርሳል።