ሙቀት፣ ላብና የወታደሩ ኮዳ

ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ የአየሩን ለውጥ በቆዳው ይረዳዋል። ከደጋ መጥቶ ትጥቁን ተሸክሞ በዚህ ቆላ የሚገሠግሥ ወታደር ግን ለውጡ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ለመሆኑ ሙቀት ሰውን የሚጥለው እንዴት ነው? ቀድሞ የደረሰ ጓድስ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ሸክም ይዞ የሚጓዝ ወታደር በሰከንድ 500 ጁል ሙቀት ያመነጫል እንበል። የ70 ኪሎ ግራም ሰውነትን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 245 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ በየ8 ደቂቃው 1 ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ፣ ነፋሱ ራሱ ያሞቀናል። ያን ጊዜ ዋናው መውጫ የላብ ትነት ብቻ ይሆናል።

ላብ ግን ከደም ውስጥ የሚቀዳ ውሃ ነው። ፈሳሹ ሲቀንስና ደሙ ወደ ቆዳ ሲጎርፍ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የልብ ትርታ ይፈጥናል፤ ቆዳ ይገረጣል፤ ሰውየው ያዞረዋል። ይህ ወደ ሾክ የሚያመራ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በጥላ ሥር አጋድሞ ትጥቁን ማላላት፣ እግሩን ከፍ ማድረግና ንቁ ከሆነ ኦ.አር.ኤስ. ወይም ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይገባል።

ሰውየው ከቀባጠረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሙቀት ምት መሆኑን እንጠርጥር፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሆናል። «ገና ያልበዋልና ደኅና ነው» ማለት ገዳይ ስሕተት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። ከተቻለ ጭንቅላቱን ደግፎ እስከ አንገቱ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር፤ ካልተቻለ ልብሱን አውልቆ ያለማቋረጥ ውሃ ማፍሰስና ማራገብ። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ በአፉ ምንም አይሰጠው።

ስሌቱን እንመልከት። ከ41 ወደ 39 ዲግሪ ለማውረድ 490 ኪሎ ጁል መውጣት አለበት። 1 ግራም ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ይዞ ስለሚሄድ፣ የሚያስፈልገው ትነት 200 ግራም ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሊትር ኮዳ አንድ አምስተኛ ነው። ከሚፈሰው ውሃ ብዙው ሳይተን ስለሚንጠባጠብ አብዝቶ ማፍሰስ ይገባል፤ ደረቅ አየር ደግሞ ትነቱን ያግዛል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከል ነው። የአሜሪካ ማሪን ጦር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፓሪስ አይላንድ ማሠልጠኛው እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አጣምሮ በሚመዝን መለኪያ ልምምዱን መገደብ በጀመረ ጊዜ የሙቀት ጉዳተኞቹ ቀነሱ። አዲስ መጪም ሥራው ቀስ በቀስ ቢጨመርለት ሰውነቱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ሙቀቱን ይለምዳል።

እንግዲህ አምቡላንስ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ፤ የመጀመሪያው መድኃኒት በወገባችን ባለው ኮዳ ውስጥ ነውና።