ሁለት ንጉሥ ይዞ መሸነፍ

ፖከር ተጫዋችን የሚያራቁተው መጥፎ ካርታ አይደለም። መጥፎውን ገና ሲያየው ጥሎት ይወጣል፤ የሚከስረውም ጥቂት ነው። ኪስ የሚያወልቀው ጥሩ ካርታ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በድብቅ ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ከሁለት አስ በቀር ሁለት ንጉሥን የሚበልጥ የለም። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲጫወቱ፣ ንጉሦቹን የያዘ ሰው ባላጋራው ሁለቱን አስ ይዞ የሚገጥመው ከ204 ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ያ አንድ ጊዜ የመጣ ዕለት ግን ንጉሦቹ እስከ መጨረሻው ቢሄዱ የሚያሸንፉት ከመቶ 18 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው መክሰሩ አይቀርም። ስንት መክሰር ነበረበት? 20,000 ቺፕ (የጨዋታ ገንዘብ) ያጣውም፣ 6,000 ያጣውም፣ ሁለቱም «ካርታው ከዳኝ» ብለው ይነሳሉ። ከሁለቱ የትኛው በራሱ ጥፋት እንደተጎዳ በአንድ ጨዋታ መለየት አይቻልም።

የመለያው ዘዴ የመጣው ፖከርን ከማያውቅ ጠረጴዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ውስጥ፣ በኋላ «ካቨንዲሽ» በሚል የብዕር ስም የታወቀው ሄንሪ ጆንስ ዊስት የተባለውን ጨዋታ ለሙከራ አዘጋጀ። በአንዱ ጠረጴዛ የታደለው ካርታ እንዳለ በሌላው ጠረጴዛም ታደለ፤ በአንዱ ጎበዞቹ የያዙትን በሌላው ደካሞቹ ያዙት። ያኔ በካርታ ማማረር አበቃ፤ የቀረው የአጨዋወት ልዩነት ብቻ ነው። ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ ተጫዋቾች ይህን ዘዴ የውድድራቸው መሠረት አደረጉት። ፖከር ግን ለረጅም ጊዜ ሳይነካው ቆየ፤ ለቁማር ቤት ዕድልን ማጥፋት ምን ይጠቅመዋል?

የጠቀመው ለኮምፒውተር ተመራማሪዎች ነው። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፖላሪስ የተባለ ፕሮግራሙን በ2007 ቫንኩቨር ላይ ከፊል ላክና ከአሊ እስላሚ ጋር ሲያጋጥም ሁለቱን ባለሙያዎች ለየብቻ አስቀመጣቸው። አንዱ ሁለት ንጉሥ ይዞ ማሽኑ አስ ከያዘ፣ በሌላው ቦታ ማሽኑ ንጉሦቹን፣ ሰውየው አሶቹን ይይዛሉ። ከአራቱ ዙር ሰዎቹ ሁለቱን አሸነፉ፣ ማሽኑ አንዱን፤ አንዱ እኩል ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን የሒሳቡ ገጽታ ነው። በንጉሥ ሰውየው 9,000 ቢያጣና ማሽኑ በዚያው ካርታ 5,000 ብቻ ቢያጣ፣ ሁለቱም ከስረው ሳለ ማሽኑ በ4,000 አሸናፊ ተብሎ ይመዘገባል። ያልጠፋ ገንዘብ እንደ ትርፍ ተቆጠረ።

በዚያው ዓመት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ወጣ። ማርቲን ዚንኬቪችና ባልደረቦቹ ማሽኑን በጸጸት የሚያስተምር ስሌት አቀረቡ። ማሽኑ ከራሱ ጋር ይጫወታል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ውሳኔ እየመለሰ «እዚህ ጋ ብጥል፣ ብከተል ወይም ብጨምር ኖሮ ምን ያህል ይሻለኝ ነበር?» እያለ ይመዘግባል። ባለመምረጡ በብዙ የተጸጸተበትን እርምጃ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ያዘወትረዋል። በእኛ አገር ይህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ ልዩነቱ ውሻው ቢሊዮን ጊዜ መጮሁ ነው።

እዚህ ላይ ነው የንጉሦቹ ነገር የሚፈታው። ማሽኑ የሚጸጸተው ባላጋራው በዚያች ቅጽበት ሊይዝ በሚችለው ካርታ ሁሉ ተመዝኖ ነው እንጂ በዚያ ቀን በያዘው አስ ብቻ አይደለም። ንጉሥን ገና በመጀመሪያው ግፊት መጣል ከአስ ያድናል፤ ከሌላው ካርታ ሁሉ ግን የሚገባህን ያስቀርብሃል። ስለዚህ መዝገቡ ያንን ኪሳራ እንደ ስህተት አይቆጥረውም። ወደ ዜሮ የሚጠጋው ጸጸቱ ነው፤ ኪሳራው አይደለም። በ2015 መጀመሪያ ይኸው የአልበርታ ቡድን 4,800 ፕሮሰሰር ከሁለት ወር በላይ አሠርቶ ሴፊየስን አወጣ፤ የውርርዱ መጠን የተወሰነበትን የሁለት ሰው ሆልደም በተግባር የፈታ ፕሮግራም ነው። ሴፊየስም ይከስራል፤ ከሚገባው በላይ ግን እንዲከስር ማድረግ አይቻልም ማለት ይቻላል።

ገደብ በሌለው ውርርድ ግን ነገሩ ይከብዳል። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ በሚገኘው ሪቨርስ ካዚኖ ክላውዲኮ የተባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር 80,000 እጅ (እደላ) ተጫውቶ በ732,713 ቺፕ ወደ ኋላ ቀረ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱማስ ሳንድሆልምና ተማሪው ኖአም ብራውን በጃንዋሪ 2017 ሊብራተስ በተባለ ፕሮግራም ተመለሱ፦ እዚያው ካዚኖ፣ 20 ቀን፣ 120,000 እጅ። ከቀድሞዎቹ ዶንግ ኪምና ጄሰን ሌስ ነበሩ፤ ዳንኤል ማኮሌይና ጂሚ ቾው ተጨመሩ። ካርታው እንደገና እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ታደለ። ሁለቱም ወገን ያለውን ሁሉ ካስገባ ደግሞ የቀሩት ካርታዎች አይገለጡም፤ ሊገለጡ ይችሉ በነበሩት ሁሉ አማካይ ይከፈላል። ለዕድል የቀረው ቀዳዳ ጠባብ ነበር።

ሊብራተስ ባለሙያዎቹን ያስጨነቀው ከመሀሉ ገንዘብ ብዙ እጥፍ እየተወራረደ ነው። መሀል ላይ 1,000 ዶላር አለ እንበል፤ ማሽኑ 3,000 ያስቀምጣል። ጠንካራ ግን የመጨረሻው ያልሆነ ካርታ የያዘው ሰው 7,000 ለሚሆነው ድምር 3,000 መክፈል አለበት፤ ከመቶ 43 ጊዜ ያህል ካላሸነፈ ያከስረዋል። ሁልጊዜ ቢጥል ማሽኑ በባዶ ያስፈራራዋል፤ ሁልጊዜ ቢከተል ማሽኑ ምርጡን ይዞ ይጠብቀዋል። ደካማ ካርታ ይህ ሥቃይ የለበትም። ሰዎቹ ማታ ማታ ተሰብስበው የማሽኑን ቀዳዳ ይፈልጉ ነበር፤ ማሽኑም በዚያው ሌሊት እነሱ ደጋግመው የተጠቀሙበትን የውርርድ መጠን ለይቶ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ጃንዋሪ 30 ሲያበቃ ሊብራተስ በ1,766,250 ቺፕ በልጦ ነበር። አራቱም ከስረዋል፦ ሌስ 880,087፣ ቾው 522,857፣ ማኮሌይ 277,657፣ ኪም 85,649። ቺፑ የወረቀት ሒሳብ ስለነበር ከኪሱ የከፈለ የለም። እውነተኛው ገንዘብ የ200,000 ዶላር ሽልማት ነበር፤ የተከፋፈሉትም ማን ይበልጥ እንዳሸነፈ ሳይሆን፣ ያሸነፈ ስላልነበረ፣ ማን ያነሰ እንደከሰረ ታይቶ ነው። ትልቁን ድርሻ ኪም ወሰደ።